መሬቱን ሳታውቂ መሠረት አታስጀምሪ፦ ከዶሃ ሆነሽ ሀገር ቤት ቤት ለምታሠሪ

ከምትሠሪበት ቪላ አጠገብ ባዶ ቦታ ካለ ይህን ሳታዪ አልቀረሽም። አንድ ቀን ማሽን ይመጣና መሬቱን መደብደብ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ዷ ዷ ዷ ሲል ይውላል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ አጥበሽ ያሰጣሽው ልብስ አቧራ ይጠጣል። ማሽኑ የሚሰብረው ድንጋይ ነው። የዶሃ መሬት በአብዛኛው ከላይ ስስ አፈርና አሸዋ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ቪላውም የሚቀመጠው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

አንቺ በምትልኪው ብር ሀገር ቤት የሚሠራው ቤትስ ምን ላይ ነው የሚቀመጠው? ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ሴራሚኩ፣ ስለ በሩ ቀለም በስልክ ስንት ጊዜ እናወራለን። ስለ አፈሩ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ቤቱ አልቆ፣ ቤተሰብ ገብቶ፣ አንድ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅና በሩ አልዘጋ ሲል ነው ጥያቄው የሚመጣው። ያን ጊዜ ደግሞ ችግሩ ከመሬት ሥር ነው። ግድግዳ ቀለም ይቀባል፣ ቆርቆሮ ይቀየራል፤ መሠረትን ቤቱ ከቆመበት በኋላ ማስተካከል ግን በጣም ከባድና ውድ ነው።

ይህ ጽሑፍ መሐንዲስን አይተካም። ነገር ግን መሐንዲሱን፣ ፎርማኑን ወይም ሥራውን የሚከታተለውን ወንድምሽን ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ያሳውቅሻል።

መሠረት ሥራው ምንድን ነው?

ከባድ ቦርሳ በቀጭን ገመድ ብታንጠለጥዪው ትከሻሽን ይቆርጠዋል። ያው ቦርሳ ሰፊ ማንገቻ ካለው ግን ይቻላል። መሠረትም ሥራው ይኸው ነው፤ የቤቱን ክብደት ተቀብሎ መሬቱ በሚችለው ልክ ያከፋፍላል።

መሐንዲሶች የመሬትን የመሸከም አቅም በኪሎፓስካል ይጽፉታል። 100 ኪሎፓስካል ማለት አንድ ካሬ ሜትር መሬት 10 ቶን ያህል ይሸከማል ማለት ነው። እንበልና አንድ ኮለን 20 ቶን ያወርዳል። መሬቱ በካሬ ሜትር 10 ቶን የሚችል ከሆነ ከኮለኑ ሥር የሚደረገው ፉቲንግ 2 ካሬ ሜትር መሆን አለበት፤ ጎንና ጎኑ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ማለት ነው። መሬቱ 30 ቶን የሚችል ከሆነ ግን ጎንና ጎኑ 80 ሴንቲ ገደማ ይበቃል። ኮለኑም ቤቱም ያው ነው፤ መሬቱ ሲለያይ ግን የፉቲንጉ ስፋት፣ የፌሮውና የሲሚንቶው መጠን ይለያያል። ስለዚህ «የጎረቤት ቤት እንዲህ ነው የተሠራው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

ዶሃ ራሷ የምታስተምረን

ዶሃ በድንጋይ ላይ የተሠራች ስለሆነች ቀላል ይመስላል። ግን እዚህም መሬት ሳይመረመር ትልቅ ሕንፃ አይጀመርም። ምክንያቱ ብዙ ነው።

አንደኛ፣ የኖራ ድንጋይ በውሃ ይሟሟል፤ በረጅም ዘመን ውስጡ ዋሻ ይፈጠራል። በኳታር መሃል በረሃ ያለው ዳህል አል ሚስፊር የተባለው ዋሻ 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ድንጋዩን በመሰርሰሪያ ወግተው ናሙና የሚያወጡት ከሥር ክፍት ቦታ እንዳለ ለማወቅም ጭምር ነው።

ሁለተኛ፣ በብዙ የዶሃ ሰፈር ከመሬት በታች ያለው ውሃ ቅርብና ጨዋማ ነው። ጨው የኮንክሪቱን ፌሮ ያዝገዋል፣ በውሃው ውስጥ ያለው ሰልፌትም ኮንክሪቱን ይበላዋል። ስለዚህ ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ ይጠቀማሉ፣ መሠረቱንም ውሃ በማያስገባ ጥቁር ሽፋን ይጠቀልሉታል።

ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ሰፈር ድሮ ባሕር ነበር። ፎቆቹ የተደረደሩበት የዌስት ቤይ አካባቢ አል ዳፍና ይባላል። ስሙ «ደፈነ» ከሚለው የእኛ ቃል ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ አይደለም፤ በዓረብኛም የተሞላ፣ የተደፈነ ማለት ነው። ዘ ፐርል ደሴትም ባሕር ተሞልቶ የተሠራ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከባድ ሕንፃ ሲሠራ ሙሌቱ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ ወይም ፓይል የሚባሉ ረጃጅም የኮንክሪት ምሰሶዎች ሙሌቱን አልፈው ድንጋዩ ድረስ ይወርዳሉ።

አየሽ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳን መሠረቱ እንደየሰፈሩ ይለያያል። ከዶሃ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ሐዋሳ ወይም ደሴ ሲኬድማ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ሀገር ቤት ያለው መሬት

ጥቁር አፈር። መረሬ፣ ዋልካ፣ ኮቲቻ የምንለው ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል። በአዲስ አበባ ቦሌን፣ መካኒሳን፣ ለቡንና አቃቂን ጨምሮ በብዙ ሰፈር ይገኛል፤ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞችም አለ። ለጤፍና ለሽንብራ ግሩም ነው፣ ለቤት ግን አስቸጋሪ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣዋል። በላዩ ያለውን ቤት ክረምት ያነሳዋል፣ በጋ ያወርደዋል። ሁሉንም ጥግ እኩል ስለማያነሳ ነው ግድግዳው የሚሰነጠቀው።

ቀይ አፈር። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሩ ይሻላል፤ እብጠቱ ትንሽ ነው። ግን ውፍረቱና ጥንካሬው ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አንዳንዴም ቀዩ ከላይ ሆኖ ጥቁሩ ከሥር ይገኛል።

ዳገትና ገደላማ ቦታ። እንደ ደሴ ባሉ በተራራ መሃል በተቀመጡ ከተሞች ድንጋዩ ቅርብ ቢሆን እንኳ መሬቱ ተንሸራቶ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ጥያቄው «ይሸከማል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ባለበት ይቆያል ወይ?» የሚልም አለበት።

የስምጥ ሸለቆ መሬት። በአዳማ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል፣ ልል አፈር ይበዛል። ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲገባው ግን ድንገት ሊሰምጥ ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ራሱ ረጅም ስንጥቅ ያወጣል።

ሙሌት። የድሮ የድንጋይ ማውጫ፣ የቆሻሻ መጣያ ወይም የወንዝ ዳር በአፈር ተሞልቶ እንደ ቦታ ሲሸጥ ታገኛለሽ። ቦታው ለጥ ያለና ዋጋው ረከስ ያለ ከሆነ ከመግዛትሽ በፊት «ይህ ቦታ ከ20 ዓመት በፊት ምን ነበር?» ብለሽ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስጠይቂ።

በዚህ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው ቤት የምታሠሪ ከሆነ ፉቲንጎቹ በግሬድ ቢም እርስ በርስ መታሰራቸውና ኮለኑ ከመሠረቱ ጋር በፌሮ በደንብ መያያዙ ግዴታ ነው።

«ትንሽ ቤት ስለሆነች ምርመራ አያስፈልጋትም»

ይህን ሳትሰሚ አትቀሪም። ለጥቁር አፈር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል አለው። ከባድ ፎቅ በክብደቱ ይጫነዋል፤ ቀላሏ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ግን ክብደቷ ስለማይበቃ ትነሳለች። አጥርና የሰርቪስ ቤት ቀድመው የሚሰነጠቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፉቲንጉን ማስፋትም እዚህ ላይ መፍትሔ አይሆንም። ሲሰፋ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፤ ለሚያብጠው አፈር ማንሳቱ ጭራሽ ይቀለዋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ተራ መኖሪያ ቤትን ቀላሉ ምድብ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የወረቀቱ ሥራ ቀለለ ማለት ግን መሬቱም ቀለለ ማለት አይደለም። አሁን ምን እንደሚጠየቅ ቤቱ በሚሠራበት ከተማ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት አስጠይቂ። ሕጉ ባያስገድድሽም የአፈር ምርመራው ላንቺው ነው።

መሬቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

መሐንዲስ ከመጠራቱ በፊት ቤተሰብሽ በራሱ ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ።

1. በበጋ መሬቱን ይዩት። ሰፋፊ ስንጥቅ ካለው የሚያብጥ አፈር ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

2. የጎረቤት ቤቶችን ይዩ። ከመስኮትና ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ክረምት የማይዘጋ በር፣ የተዘረጠጠ አጥር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ በረንዳ ምልክቶች ናቸው።

3. የጠርሙስ ሙከራ። ከ1 ሜትር ያህል ጥልቀት አፈር አውጥተው በደንብ ያድርቁት፣ ይፍጩት፣ በወንፊት ይንፉት። በውስጡ በሚያሳይ ጠርሙስ ትንሽ ጨምረው ከፍታውን ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ውሃ ሞልተው በጥብጠው አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። አፈሩ ረግቶ ሲታይ ከምልክቱ በግማሽ ያህል ከፍ ካለ አስጊ ነው፤ እጥፍ ከሆነ ያለ መሐንዲስ ምንም አይነካ። ላቦራቶሪም በልኬት የሚሠራው ተመሳሳይ ሙከራ አለ።

4. ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሆኑን ይጠይቁ።

ከዚህ በኋላ የባለሙያው ምርመራ ይመጣል፤ ሶይል ቴስት የሚሉት ነው። ለመኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከየንብርብሩ ናሙና ይወሰዳል፤ ለፎቅ ደግሞ በማሽን ጠልቆ ይሰረሰራል። ጉድጓዱ መሠረቱ ከሚያርፍበት በታች መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ መሠረቱን የሚሸከመው አፈር አልታየም ማለት ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻም አይበቃም፤ የቦታው አንድ ጥግ ድንጋይ ሌላው ጥግ ጥቁር አፈር ሊሆን ይችላል። ግማሹ ድንጋይ ላይ ግማሹ ለስላሳ አፈር ላይ የተቀመጠ ቤት ደግሞ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሙከራ ጉድጓድ ይናዳል። ደረት ከሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ ጎኑ ሳይደገፍ ማንም እንዳይገባ፣ ማታ ይሸፈን፣ ልጆችም እንዳይቀርቡት።

የምርመራ ወረቀቱን በስልክ አስልኪና እነዚህን ፈልጊ፦ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ እስከ ስንት ሜትር፤ በየጥልቀቱ ምን ዓይነት አፈር ተገኘ፤ ውሃ ተገኝቷል ወይ፤ አፈሩ ያብጣል ወይ፤ የመሸከም አቅሙ ስንት ነው፤ ምን ዓይነት መሠረት በስንት ሜትር ጥልቀት ይመከራል። የመጨረሻው ከሌለ ምርመራው አልተጠናቀቀም። የባለሙያው ስምና ፊርማም ይኑርበት።

ለየትኛው መሬት የትኛው መሠረት?

ድንጋይ ወይም ጠንካራ አፈር ቅርብ ከሆነ፦ ለእያንዳንዱ ኮለን ለብቻው ፉቲንግ ተደርጎ በግሬድ ቢም ይታሰራል። ቀላሉና ርካሹ ይህ ነው።

ጥቁር አፈሩ ስስ ከሆነ፦ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ መሠረቱም ከሥር ባለው ጠንካራ መሬት ላይ ያርፋል። ወለሉ ሥር ገረጋንቲ ይሞላል፤ በ20 ሴንቲ በ20 ሴንቲ እየተነጠፈና እየረጠበ ይጠቀጠቃል። የወጣው ጥቁር አፈር ተመልሶ መሞያ መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ማጭበርበር አለ፤ ገረጋንቲ በመኪና ይገዛል፣ ጥቁሩ አፈር ግን ደጅ ላይ በነጻ ተቆልሏል።

ጥቁር አፈሩ ወፍራም ከሆነ፦ ፉቲንጉ ከክረምት ክረምት እርጥበቱ ከሚለዋወጥበት ጥልቀት በታች ይወርዳል። የላይኛው 2 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል ልኩን የሚወስነው ምርመራው ነው። አፈሩ ሲያብጥ እንዳይገፋው ከግሬድ ቢሙ ሥር ክፍት ቦታ ይተዋል። ሌላው ምርጫ ማት ወይም ራፍት የሚባለው ነው፤ ቤቱ በሙሉ በአንድ ወፍራም፣ በፌሮ የተሞላ ኮንክሪት ላይ ይቀመጥና ሲንቀሳቀስም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። በጣም ጥልቅ ከሆነ ወይም ፎቁ ከባድ ከሆነ ፓይል ይመጣል።

ሙሌት ከሆነ፦ መሠረቱ ሙሌቱን አልፎ ዋናው መሬት ላይ መድረስ አለበት። ወጪው ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ቦታውን መቀየር ይሻላል።

ውሃው ከመሬቱ አይለይም

ጥሩ መሠረትን ውሃ ያበላሸዋል። ጥቁር አፈር ላይ ዋናው ጠላት ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጎን ረጥቦ ሌላው ጎን መድረቁ ነው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ በቱቦ ከቤቱ ይራቅ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ የሲሚንቶ ንጣፍ ይሠራ። የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ ታንከር ከመሠረቱ ይራቁ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ቶሎ ይጠገን። ባሕር ዛፍ ቤት ሥር አይተከል፤ ሥሩ ውሃውን መጥጦ አፈሩን ያኮማትረዋል። ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል መራቁ ጥሩ ነው።

ብር ከመላክሽ በፊት

የመሠረት ብር አንዴ ጠቅልለሽ አትላኪ። ሥራው በደረጃ ይሂድ፣ ክፍያውም በደረጃ። በየደረጃው ፎቶና ቪዲዮ አስልኪ፤ ልኬቱ እንዲታይ ሜትር አጠገቡ ተዘርግቶ።

1. ቁፋሮ ሲያልቅ፦ ጥልቀቱ ከፕላኑና ከምርመራው ጋር ይመሳሰል። መሐንዲሱ ጉድጓዱን ራሱ አይቶ ይፍቀድ። ጥቁር አፈር ላይ ጉድጓድ ለሳምንታት ለፀሐይና ለዝናብ ክፍት መቆየት የለበትም፤ ቁፋሮውም በበጋ ቢሆን ይመረጣል።

2. ከታች ስስ ሊን ኮንክሪት ሲፈስ፦ ፌሮ በቀጥታ አፈር ላይ አይቀመጥም።

3. ፌሮው ታስሮ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፦ ዋናው ፎቶ ይህ ነው፤ ከፈሰሰ በኋላ ማንም አያየውም። የፌሮው ውፍረት፣ ብዛትና የስታፋው ርቀት እንደ ፕላኑ ይሁን። ከሥሩ ስፔሰር ገብቶ ከመሬት 5 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል።

4. ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ፦ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

5. ሙሌት ሲሞላ፦ ገረጋንቲው ሲራገፍና ሲጠቀጠቅ ይታይ።

ለምሳሌ፦ ወክራ የምትሠራ እህት ለቡ ላይ ቤት ጀመረች እንበል። ወንድሟ ደውሎ «ቁፋሮው 1 ሜትር ደርሷል፣ ለፌሮ ላኪ» ይላታል። ምርመራው 2 ሜትር ከ50 ይላል። ያኔ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሐንዲሱ ጉድጓዱን አይቶ ይደውልልኝ፣ ከዚያ እልካለሁ።» ይህ ወንድምን አለማመን አይደለም። እሱም የፎርማኑን ቃል ይዞ ነው የሚደውለው፤ በእጁ ማስረጃ ሲኖረው ፎርማኑን ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

ውክልና የምትሰጪ ከሆነም ሥራውን መከታተልና ቤቱን መሸጥ አንድ እንዳልሆኑ አስታውሺ። ለግንባታ ብቻ ከሆነ ለግንባታ ብቻ ተብሎ ይጻፍ።

ቤቱ ተሠርቶ ተሰንጥቆ ከሆነ

አትደንግጪ፣ ግን ዝም አትበዪ። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስን ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ፣ ከውስጥም ከውጭም የሚታይ ወይም በሰያፍ የሚሄድ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይየው። እስኪመጣ ድረስ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉበት። በስንጥቁ ላይ ጄሶ ይለጥፉ፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። እየተንቀሳቀሰ ያለን ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን ብር መጣል ነው። መጀመሪያ ውሃውን አስይዙ፤ አሸንዳውን፣ ቧንቧውን፣ ዙሪያውን። አንዳንዴ እንቅስቃሴው በዚህ ብቻ ይቀንሳል። ኮለን ወይም ቢም ከተሰነጠቀ፣ ግድግዳ ካዘመመ ቤተሰብ ከዚያ ክፍል ይውጣ።

የዶሃ ባለ ቪላ ድንጋይ ላይ ሆኖ እንኳ መሬቱን አስመርምሮ ነው የሚሠራው። አንቺ ደግሞ ስንት ዓመት የሰው ቤት ሠርተሽ ያጠራቀምሽው ነው። አዲስ ቦታ የገዛሽ ወይም ቁፋሮ ልታስጀምሪ ያሰብሽ ከሆነ ዛሬ ማታ ስትደውዪ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «አፈሩ ተመርምሯል ወይ?» ይሁን። ቤት ለማሠራት የምታስብ ጓደኛ ካለችሽም ይህን ላኪላት።